ከእራፊ ጨርቅ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል እንዴት ይሠራል?

ድሪቶ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የሰማነው ስለ ችግር ሲወራ ነው። ያረጀ ጨርቅ እየተጣፈ፣ እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረበ የሚነጠፍ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚሸሸግ ነገር። እኔ የእናቴን ድሪቶ የማስታውሰው በቀለሙ ነው። የወንድሜ ካኪ ሱሪ፣ የእህቴ አበባማ ቀሚስ፣ የአባቴ ባለ መስመር ሸሚዝ ጎን ለጎን ተሰፍተውበት ነበር፤ የትኛው ከማን እንደመጣ ስቆጥር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዛሬ ሐዋሳ ቤቴ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸው ሥራዎች ሁሉ የዚያ ድሪቶ ልጆች ናቸው።

ይህ የእኔ ብቻ ስሜት አይደለም። በአሜሪካ አላባማ፣ ጂስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ለብርድ ብለው ካረጁ የሥራ ልብሶች የሰፏቸው ድሪቶዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በመጀመሪያ በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ሲሞትባት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የሥራ ልብሱን ቆርጣ አንድ ትልቅ ድሪቶ አደረገችው። በጉልበቱ የሳሳ ሱሪ ምን ያህል ነገር እንደሚናገር ለማወቅ የእርሷን ሥራ ማየት ይበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፤ አዲስ ጨርቅ አትግዙ። ሰው የለበሰው ጨርቅ ቀለሙም ታሪኩም አብሮት አለ።

ጨርቁን መሰብሰብ

ከቤት ጀምሩ፤ የማይለበስ ሸሚዝ፣ አንሶላ፣ ያረጀ ነጠላ፣ ጥለቱ ብቻ የቀረ ቀሚስ። ከዚያ በሰፈራችሁ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠይቁ። ከስፌት መኪናው ሥር ያለውን ቁርጥራጭ ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ነውና በደስታ ይሰጣችኋል።

ለጀማሪ ጥጥ ይሻላል። ካውያ ይችላል፣ ሲታጠፍም እጥፋቱን ይይዛል። ጥጥ መሆኑን ካልለያችሁ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዛችሁ በጥንቃቄ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበተናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

ሁሉንም ለየብቻ እጠቡ። በተለይ ቀዩን እርጥብ እንዳለ በነጭ ጨርቅ አሹት፤ ቀለሙ ከወጣ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ አሁንም ከለቀቀ ተዉት። እኔ ይህን ሳላደርግ የሦስት ሳምንት ሥራዬን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ነጩ ሰማይ ሮዝ ሆኖ ወጥቷል። ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ምን እንሥራ?

ሐዋሳ የሚኖር ሰው ርዕስ አይቸገርም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሞ ወደ ማዶ ማየት፣ የታቦር ተራራን ትከሻ ማየት፣ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ ከሚያጸዱት ሰዎች አጠገብ እንደ ሽማግሌ የቆሙትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን ማየት ነው። ታሪክ መተረክ የምትፈልጉ ደግሞ እንደ ንግሥተ ሳባ ሥዕሎቻችን በየሳጥኑ ከፋፍላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። በአሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች የሠራችው ድሪቶ 11 ሳጥኖች አሉት። በችግር ጊዜ በ5 ዶላር ሸጠችው፤ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል።

ለዛሬ ማለዳ ላይ የሐዋሳ ሐይቅን እንሥራ፤ ወርዱ 70፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር። በወረቀት ላይ ሰማይ፣ የማዶ ተራራ፣ ውኃ፣ አንዲት ጀልባ ብቻ ሣሉ። ሥዕል አልችልም የሚል ሰው አይፍራ፤ አራት መስመር ይበቃል።

ቀለም መደርደር

ከሥራው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው፣ ብዙ ጊዜ ስጡት። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሩና ቁርጥራጮቹን በስፒል እየያዛችሁ ደርድሩ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ማየት ያለባችሁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መሆኑን ሳይሆን የትኛው እንደጠቆረ፣ የትኛው እንደፈካ ነው። በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብታነሱት ይበልጥ ይለያል።

ማለዳ ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ውኃውና ማዶው የሚለያዩበት መስመር አይታይም። ይህን በጨርቅ ለማምጣት ብዙ ደክሜአለሁ። መፍትሔው ጥቁረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጨርቆችን ማገናኘት ነው። አንዱ ግራጫ፣ ሌላው ፈዛዛ ሰማያዊ ቢሆንም ስፌቱ ዓይን ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው ዘዴ ጨርቁን መገልበጥ ነው። የአበባማ ጨርቅ የውስጥ ፊት የደበዘዘ ስለሆነ ሩቅ ያለ ተራራ ይመስላል። ሦስተኛው ደግሞ የእኛው ሀብት ነው። ከስስ ነጠላ አንዱን ፊት ለይታችሁ በጥቁሩ ተራራ ግርጌ ላይ አልብሱት። ተራራው ከሥሩ ይታያል፣ ግን ጉም ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ሳደርገው ብቻዬን ቤት ውስጥ አጨብጭቤአለሁ።

ከማለዳ ይልቅ ማታን የሚመርጥ፣ ፀሐይ በሐይቁ በኩል ስለምትጠልቅ፣ ከአሮጌ ቀሚስ ላይ ወርቃማ ጥለት ቆርጦ በውኃው ላይ ቢያጋድመው የፀሐይዋን ነጸብራቅ ያገኛል።

መቁረጥና ማገናኘት

ድርድሩ ሲያረካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ኋላ ይረሳል። ለየቁራጩ ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ትርፍ ትታችሁ ቁረጡ። ምልክቱን ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት በቀጭን ደረቅ ሳሙና አድርጉ፤ ሲታጠብ ይጠፋል። ሰማዩንና ውኃውን በአግድም ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥማችሁ በመኪና ወይም በእጅ ስፉ፤ አንድ ስፌት ባለቀ ቁጥር በካውያ ተኩሱ። ተኩሱን ለመጨረሻ ያቆየ ሰው ሥራው ይጣመምበታል። ተራራውና ጀልባው ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ከላይ ይጣፋሉ።

ሦስቱ ድርብ

ከታች ገበር፣ መካከል ላይ ሙቀትና ውፍረት የሚሰጠው፣ ከላይ ሥዕሉ። ለመካከሉ ከአሮጌ ጋቢ የተሻለ አላገኘሁም። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለመርፌ ይከብዳል፤ ሁለቱን ድርብ ብቻ ውሰዱ። ገበሩና ጋቢው ከሥዕሉ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፉ። ሦስቱን ዘርግታችሁ ራቅ ራቅ ባለ ስፌት ያዙአቸው፤ ይህ ኋላ ይፈታል።

አሁን መርፌው ይሥላል። ሁልጊዜ ከመካከል ወደ ዳር ስፉ፤ ከዳር ከጀመራችሁ ገበሩ መካከል ላይ ይጨማደዳል። የክሩን ቋጠሮ ከላይ አስገብታችሁ ሳብ ስታደርጉት ጠብ ብሎ ጋቢው ውስጥ ይደበቃል። ውኃው ላይ አግድም የሚሄዱ፣ አልፎ አልፎ የሚቋረጡ ስፌቶች ሞገድ ይሆናሉ፤ ተራራው ላይ ቁልቁለቱን ተከተሉ። ሰማዩን ብዙ አትንኩት። ስፌት የበዛበት ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የተተወው ያብጣል፤ ስለዚህ ጀልባዋን ትታችሁ ዙሪያዋን ጠቅጥቃችሁ ብትሰፉ ከውኃው ላይ ብቅ ትላለች።

ጠርዝና መስቀያ

ትርፉን አስተካክላችሁ ቁረጡ። 6 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ረጅም ጨርቅ ለሁለት አጥፋችሁ ዙሪያውን በፊቱ በኩል ስፉ፣ ወደ ኋላ ገልብጣችሁ በእጅ ዘምዝሙት። ከጀርባው የላይኛው ጠርዝ ላይ የጨርቅ ቱቦ ሰፍታችሁ ቀጭን እንጨት አስገቡበት። የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ቀለሙ ይነጣል።

ከመስቀላችሁ በፊት ገበሩ ላይ በጥልፍ ክር ስማችሁን፣ ዓመቱን፣ ጨርቁ ከማን ከማን እንደመጣ ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያው ሐይቅ ጀርባ ላይ «ውኃው የአባባ ሸሚዝ፣ ጉሙ የእማማ ነጠላ» ይላል።