«ጄኔራል» ሲበዛብን፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

እንግሊዝኛ ስንጽፍ እጃችን ቶሎ የሚሄድባቸው ቃላት አሉ። «ጄኔራል» እና «ጄኔራሊ» ከፊት ይሰለፋሉ። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ላይ አሉ፣ የሥራ ደብዳቤ ላይ አሉ፣ መመረቂያ ጽሑፍ ላይማ በየገጹ ናቸው። መብዛታቸው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ብዙ ጊዜ ጉድ የሚሠራን በምትካቸው የምናስገባው ቃል ነው።

ምልክት፦ የመጨረሻው አንቀጽ «ጄኔራሊ» ብሎ ይጀምራል

ይሄ የእኛ አገር ሰው እንግሊዝኛ ፊርማ ነው ማለት ይቻላል። ጥፋተኛው «በአጠቃላይ» የሚለው ቃላችን ነው። አማርኛ ላይ ይህ ቃል ብዙ ሥራ ደርቦ ይሠራል። ሐሳብ ይቋጫል። «በጥቅሉ ሲታይ» ለማለትም ያገለግላል። ቁጥርም ይደምራል፤ «በአጠቃላይ 45 ተማሪዎች ተመዝግበዋል» እንላለን። የእንግሊዝኛው «ጄኔራሊ» ግን ከሁሉ በፊት የሚሰማው «አብዛኛውን ጊዜ» ተብሎ ነው። ሁሌም ላይሆን ይችላል የሚል ነገር በሆዱ ይዟል።

እስቲ ይህን እዩ። አመልካቹ ደብዳቤውን ሲዘጋ «ጄኔራሊ፣ አይ አም ኤ ሃርድወርኪንግ ስቱደንት» ይላል። ሊል የፈለገው «ባጭሩ፣ ታታሪ ተማሪ ነኝ» ነው። አንባቢው የሚረዳው ደግሞ «አብዛኛውን ጊዜ ታታሪ ነኝ» ብሎ ነው። በቀሩት ቀናትስ ምን ትሠራለህ ቢለው አይፈረድበትም።

መፍትሄው «በአጠቃላይ» ስትሉ ምን ልትሉ እንደነበር ለይቶ ማወቅ ነው። ሐሳብ መቋጨት ከሆነ «ኢን ሾርት» ወይም «ኢን ኮንክሉዥን» በሉ። ጥሩውንም መጥፎውንም መዝኖ ፍርድ መስጠት ከሆነ «ኦቨርኦል» ይሻላል። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ላይ የግራፉን ዋና ገጽታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትገልጹም የሚያዋጣችሁ ይኸው ቃል ነው። ቁጥር ከሆነ «ኢን ቶታል»፣ አለቀ። ለታታሪው ተማሪ ግን ከእነዚህ አንዱንም አልመርጥለትም። ቃሉን ይሰርዘውና «አይ አም» ብሎ ይጀምር።

ምልክት፦ ቃሉን ቀየርኩት፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን እንግዳ ሆነ

ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ ኤፍ 7ን ስትጫኑ የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ይመጣል። «ዩኒቨርሳል»፣ «ኮመን»፣ «ዋይድስፕሬድ»፣ «ብሮድ»፣ ሌላም ሌላም። ብዙ ሰው ደስ ያለውን፣ ማለትም ረጅሙን፣ ያነሳል። ግን እነዚህ ቃላት አንድ ላይ የተሰለፉት የሐሳብ ዝምድና ስላላቸው ነው እንጂ አንዱ ባንዱ ቦታ ስለሚገባ አይደለም። እንዲህ ያለውን መዝገብ በ1852 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤም ቃላቱን የደረደረው በሐሳብ ነው፤ ፍቺ አላስቀመጠላቸውም። ቃሉን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንዲያስታውስበት ይረዳዋል። የማያውቅ ሰው ግን ይሳሳትበታል።

እኔ የማምንበት ፍተሻ አንድ ነው፦ ተቃራኒውን ጠይቁ። እዚህ ቦታ ላይ «ጄኔራል» ያልሆነው ነገር ምንድን ነው?

ተቃራኒው «ዝርዝር» ከሆነ፣ ለምሳሌ ስለ አንድ ፕሮጀክት ጠቅለል ያለ ሐሳብ ልትሰጡ ከሆነ፣ «ብሮድ» ወይም «ራፍ» ይሄዳል። «ራፍ አይዲያ» የተለመደ አነጋገር ነው። «ዩኒቨርሳል አይዲያ» ብትሉ ግን የዓለም ሕዝብ በሙሉ የሚጋራው ሐሳብ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ተቃራኒው «ጥቂት ሰዎች ብቻ» ከሆነ «ዋይድስፕሬድ» ይመጣል። ስለ ኑሮ ውድነት ስጋቱ የብዙ ሰው ነው ለማለት «ዋይድስፕሬድ ኮንሰርን» ትላላችሁ። እዚሁ ሰፈር «ፕሬቫለንት» እና «ራምፓንት» አሉ፤ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው በብዛት የሚሄደው ከበሽታና ከችግር ጋር ነው፤ ወባ አንድ አካባቢ ላይ «ፕሬቫለንት» ናት ይባላል። ሁለተኛው ልጓም የበጠሰ መጥፎ ነገር ይፈልጋል፤ ሙስና፣ የዋጋ ንረት። የእንግዳ ተቀባይነት ባህላችን «ራምፓንት» ነው ብሎ የጻፈ ሰው ባህሉን ሰድቦታል።

ተቃራኒው «ልዩ ሁኔታ» ከሆነ ደግሞ «ዩኒቨርሳል»ን እርሱት። «ጄኔራል ሩል» ማለት ብዙውን ጊዜ የሚሠራ፣ ግን የሚያፈነግጥ ያለው ደንብ ነው። «ዩኒቨርሳል» ስትሉት ማፈንገጫውን ዘጋችሁት። ጥናታዊ ጽሑፍ ላይ ይህ የስታይል ጉዳይ አይደለም፤ ያላረጋገጣችሁትን ነገር ተናገራችሁ ማለት ነው።

ስለ «ጄኔሪክ» አንድ ነገር። ፋርማሲ ውስጥ ክብር ያለው ቃል ነው፤ በንግድ ስሙ ሳይሆን በንጥረ ነገሩ ስም የሚሸጥ መድኃኒት ነው። ሥራ ፍለጋ ላይ ግን ስድብ ነው። «ጄኔሪክ ካቨር ሌተር» ማለት ስሙ ብቻ እየተቀየረ ለሁሉም መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ነው። ሲቪያችሁ ላይ ልምዳችሁን በዚህ ቃል አትግለጹት።

ምልክት፦ የሙያ ቃሉ ተበላሸ

ይህ አጭር ነው። «ጄኔራል» የስም አካል ከሆነ አትንኩት። «ጄኔራል አኔስቴዥያ» ሙሉ ሰመመን ነው፤ «ኮመን አኔስቴዥያ» የሚባል ነገር የለም። «ጄኔራል ሌጀር»ን፣ ማለትም ዋናውን የሒሳብ መዝገብ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ያውቀዋል፣ «ኦቨርኦል ሌጀር»ን አያውቀውም። ኢትዮጵያ ውስጥ «ጄኔራል ሆስፒታል» የደረጃ ስም ነው፤ ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በላይ፣ ከስፔሻላይዝድ በታች። ለማሳመር ብላችሁ ብትቀይሩት ሆስፒታሉን ከደረጃው አወረዳችሁት።

ምልክት፦ «ኦርዲነሪ» ልል ፈልጌ «ኮመን ፒፕል» አልኩ፣ አንባቢው ቅር አለው

«ኮመን» ለሰው ሲሆን «ተራ» ወደሚለው ያዘነብላል፤ የንቀት ሽታ አለው። «ኦርዲነሪ ፒፕል» ወይም «ዘ ጄኔራል ፐብሊክ» በሉ። አዎ፣ እዚህ ላይ «ጄኔራል» ራሱ ነው መፍትሄው።

ምልክት፦ ሁሉንም አስተካክዬ አሁንም ይደጋገማል

አንዳንዴ ምትክ አያስፈልግም። «ጄኔራል ኮንሰንሰስ» ላይ «ኮንሰንሰስ» ብቻውን የብዙኃኑን ስምምነት ይገልጻል፤ «ጄኔራል» ትርፍ ነው። ሰርዙት። አይኤልትስ ለሚፈተኑ ደግሞ፦ ቃላት ከጽሑፍ ውጤቱ 25 በመቶ ይይዛሉ፣ ግን መመዘኛው ላይ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ ማወቅም ይቆጠራል። ያለቦታው የገባ ብርቅ ቃል ከተደጋገመ ተራ ቃል የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

ጥርጣሬ ካለባችሁ ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ በትእምርተ ጥቅስ አስገብታችሁ ጎግል ላይ ፈልጉ። የሚመጡት ዓረፍተ ነገሮች የጋዜጣና የዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ተጠቀሙበት። የሚመጣው የተሳሳተ ትርጉም ያለበት ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ወደ «ጄኔራል» ተመለሱ።