እጭ ስታረቡ የምትሳሳቱት የት ላይ ነው?

የመኖ ዋጋ ያማረረው ዶሮ አርቢ ፊቱን የአትክልትና የምግብ ተረፈ ምርት እየበላ ወደሚያድገው የጥቁሩ ወታደር ዝንብ እጭ ቢያዞር ደግ አደረገ፤ የደረቀ እጭ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ችግሩ እጩን እንደ ቆሻሻ ገንዳ ማየቱ ነው። እጭ ከብት ነው፤ ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ይታፈናል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት የውሃ ነው። ቲማቲምና የሐብሐብ ልጣጭ እንዳለ ሲገባ ሳጥኑ ሥር ውሃ ያቁራል። አየር ያጣው ምግብ ይሸታል፤ እጮቹም በግድግዳው ሽቅብ ይሸሻሉ። ይህን ያየ ሰው የጠገቡ ይመስለዋል፤ እነሱ ግን እየታፈኑ ነው። ምግቡን በእፍኛችሁ ጨምቁት። በጣቶቻችሁ መሃል ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ ነውና ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ፉርሽካ ጨምሩበት። የጠላ አተላም ቢሆን ሳይጠነፍፍ አይግባ።

ሁለተኛው፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን መከመር ነው። የ5 ቀን ዕድሜ ያላቸው 10,000 እጮች በ12 ቀን የሚበቃቸው 15 ኪሎ ያህል እርጥብ ተረፈ ምርት ነው፤ እሱንም ከፋፍላችሁ ስጡ። ክምሩ ሲወፍር መሃሉ ይግላል፣ ሥሩ ሳይበላ ይበሰብሳል። ገና የተፈለፈሉትን ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት በውሃ የራሰ የዶሮ መኖ ቀልቧቸው እንጂ ጥሬ ቆሻሻ ላይ አትጣሏቸው።

ብርድንም አትናቁ። እጭ የሚወደው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው። አዳማ ላይ የሠራ ሳጥን ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱን ደጅ ካደረ ዕድገቱ ይጎተታል።

ስለ ቆሻሻው ምንጭ ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ባትሪና ቀለም የነካው ቆሻሻ ውስጥ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ እጩ ደግሞ ካድሚየምን በሰውነቱ ያከማቻል። ከዚያ ወደ ዶሮዋ፣ ከዶሮዋም ወደ ልጆቻችን ገበታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለመኖ የሚረቡ ነፍሳት ፍግና የምግብ ቤት ትራፊ እንዳይበሉ ከልክሏል። እኛም ከአትክልት ተራ ከሌላ ቆሻሻ ሳይቀላቀል እዚያው የተለየውን ብንወስድ ይሻላል።

እጩ እስኪጠቁር አትጠብቁ፤ ሲጠቁር መብላት አቁሟል፣ ቆዳውም ጠንክሯል። ነጣ እንዳለ ሰብስቡት፣ በፈላ ውሃ ንከሩት፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት። ስብ ስለሚበዛበት እርጥብ እንዳለ በጆንያ ከታሰረ ቶሎ ይበላሻል።