የተቀበረ የመድኃኒት ፓምፕ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ፓምፑ ሆድ ላይ ከቆዳ ስር ይቀመጣል። ባክሎፌን (የተገተረ ጡንቻን የሚያላላ) ወይም ሞርፊን (ሕመም የሚያስታግስ) በቀጭን ቱቦ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይልካል። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ከውጭ ምንም አይታይም፤ በአብዛኛው የሚናገረው ሰውነት ነው።

ጡንቻው እንደገና ተገተረ፣ ሰውነት ያሳክካል

ሽፍታ የሌለው ማሳከክ ባክሎፌን ለሚወስድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። "አለርጂ ነው" ብሎ ማለፍ አደጋ አለው። መድኃኒቱ እየደረሰ ላይሆን ይችላል። ባክሎፌን በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ከፍተኛ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሚጥል መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ይገድላልም። እስከ ነገ አይጠበቅም፤ የፓምፑን ካርድ ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ምክንያቱስ? ፓምፑ እንደገና መድኃኒት የሚሞላበት ቀን አልፎ ይሆናል። ካላለፈ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው። ይታጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ከቦታው ይወጣል። ሐኪሙ በፓምፑ ውስጥ የቀረውን መድኃኒት በመርፌ ቀድቶ መኖር ከሚገባው ጋር ያነጻጽራል። ብዙ ከተረፈ ከፓምፑ በአግባቡ እየወጣ አይደለም። ልኩ ትክክል ሆኖ ምልክቱ ካልጠፋ ግን መድኃኒቱ በመንገድ ላይ ሌላ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ኤክስሬይና ቱቦው ውስጥ የሚገባ ቀለም ቦታውን ያሳያሉ። የተጎዳው ቱቦ በቀዶ ሕክምና ይቀየራል።

ከተሞላ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው

እግሩ ዛለ፣ ትንፋሹ ቀነሰ? መድኃኒቱ በዝቷል። ወይ መጠኑ ሲስተካከል ስህተት ተፈጥሯል፣ ወይ መርፌው ፓምፑን ስቶ መድኃኒቱ ከጎኑ ፈሷል። አሁንም ድንገተኛ ክፍል! እዚያ የሚቀድመው ትንፋሹን መደገፍ ነው። ከተሞላ በኋላ ወዲያው ወደ ቤት አለመሮጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ፓምፑ ይጮኻል

ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ እያለቀ ወይም ባትሪው እየደከመ ነው። ለክሊኒኩ ደውሉ። ባትሪው ቻርጅ አይደረግም፤ ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ፓምፑ ራሱ ይቀየራል።

ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የሰውነት ምስል) ከተነሳ በኋላ

ማግኔቱ የአንዳንድ ፓምፖችን ሞተር ያቆመዋል። ሲወጣ ራሱ መነሳት አለበት፤ መነሳቱን ግን ፓምፑን ከውጭ በሚያነብ መሣሪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መድኃኒታቸው አስቀድሞ መቀዳት ያለበት ፓምፖችም ስላሉ ቀድማችሁ ንገሩ።

ቦታው ቀላ፣ ሞቀ

ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በዚያው ቀን ይታይ።

መርፌው አልገባ አለ

ነርሷ ደጋግማ ብትሞክርም ብረት ብቻ ከነካች ፓምፑ ተገልብጦ ይሆናል። አዎ፣ ይገለበጣል፤ በተለይ በደንብ ካልተሰፋ። በኤክስሬይ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተመልሶ ይሰፋል።