ሥራ አልገፋ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ እሠራለሁ፤ ከዚያ በተረፈው ሰዓት የሒሳብ አያያዝ ትምህርቴን በርቀት ለመጨረስ ስታገል ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት እንደታዘብኩት፣ ዕቅዳችን ሲከሽፍብን ሁላችንም ቀድመን የምንወቅሰው ስልካችንን ወይም ስንፍናችንን ቢሆንም፣ አብዛኛው ጥፋት የተሠራው ከሁለቱም በፊት፣ ዕቅዱ በወጣበት ዕለት ነው። ስለዚህ አንባቢ ማንኛውንም መፍትሔ ከመሞከሩ በፊት ለ3 ቀን ያህል ደብተር ይዞ፣ ሥራ ያቋረጠበትን ሰዓትና ያቋረጠበትን ምክንያት በአንድ በአንድ መስመር ቢመዘግብ መልካም ነው። ከታች ያሉት ምልክቶች የትኛው የእርሱ እንደሆነ የሚለየው በዚያ መዝገብ ነው።

ምልክት፦ ዕቅዱ አለ፤ የሚጀመርበት ቀን ግን አይመጣም።

መንስኤው ዕቅዱ የምኞት ስም እንጂ የሥራ ስም የሌለው መሆኑ ነው። «ዘንድሮ ትምህርቴን በርትቼ እከታተላለሁ» ወይም «ንግዴን አሰፋለሁ» የሚለው የእንቁጣጣሽ ዕቅድ መቼ እንደተፈጸመ የሚታወቅበት መለኪያ ስለሌለው፣ ሳይፈጸም ሲቀርም አይታወቅም። ኤድዊን ሎክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናታዊ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ተለይቶ የተነገረና ጠንከር ያለ ግብ የተሰጠው ሰው «የቻልከውን ያህል ሥራ» ከተባለው ይልቅ የተሻለ ይሠራል። ይህ የሚሆነው ግን ሰውየው ግቡን ከልቡ ሲቀበለውና የመፈጸም አቅሙ ሲኖረው ነው።

በእኛ አካባቢ ግብ የሚደበዝዝበት አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ «ኢንሻአላህ» ወይም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለው ቃል ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ሲጨመር ትሕትና ሲሆን፣ በቀኑ ፈንታ ሲገባ ግን ማምለጫ ይሆናል። በጫት ምርቃና ላይ ስለሚወጣ ዕቅድማ ባልናገር ይሻላል፤ ማታ ሦስት ፎቅ የተሠራለት ሐሳብ ጠዋት መሠረቱ እንኳ አይገኝም።

መፍትሔው ሥራውን፣ መጠኑንና የመጨረሻ ቀኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ «እስከ ኅዳር 30 ድረስ ከምዕራፍ 1 እስከ 4 ያሉትን የወጪ ሒሳብ ጥያቄዎች ሠርቼ እጨርሳለሁ» ማለት። ይህ ብቻውን አይበቃም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ ትኩረት የሰጠው ግቡን ከአንድ አጋጣሚ ጋር ስለ ማሰር ነበር፤ «እንዲህ በሆነ ጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ እንደገና ከራሱ ጋር መከራከር አያስፈልገውም። እኔ «ማታ አጠናለሁ» ስል የኖርኩትን «እራት ተበልቶ ገበታው ሲነሳ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞጁሉን እዘረጋለሁ» በሚል ስለውጠው ለውጡን ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። አጋጣሚው በየቀኑ የሚመጣ ነገር መሆን አለበት፤ «ሲመቸኝ» የሚባል አጋጣሚ የለም።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ሲባዝኑ ውለው ማታ የተጨረሰ ነገር አይገኝም።

መንስኤው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መዝለል ነው። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳመለከተችው፣ ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ የተሻገረ ሰው ከሐሳቡ ከፊሉ ከቀድሞው ጋር ይቀራል። ደንበኛ የሚበዛበት ሱቅ ወይም ባለጉዳይ የማይቋረጥበት ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው መቋረጡን ሊያስቀረው ስለማይችል፣ ሊያደርግ የሚገባው ከመነሣቱ በፊት የት እንደደረሰና ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ አንድ መስመር ጽፎ መነሣት ነው። አሥር ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ ሲመለሱ ግን ከመጀመሪያው ከመጀመር ያድናል። በር ዘግቶ የመሥራት ዕድል ያለው ደግሞ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፍን ዘዴ ሊሞክር ይችላል፤ ዘዴው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው።

ምልክት፦ «አንድ ነገር ልይ» ተብሎ የተነሣ ስልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ራስን መግዛት አለመቻል ብቻውን መንስኤ ነው ብዬ አላምንም። የእኔ መዝገብ ያሳየኝ ነገር ሌላ ነበር፦ ስልኬን አብዝቼ የማነሣው የዕለት የኢንተርኔት ጥቅል በገዛሁባቸው ቀናት ነው። ጊዜው በ24 ሰዓት የሚያልቅ ጥቅል የገዛ ሰው ሳይጠቀምበት እንዳያልፍበት ሲል ቪዲዮውንም፣ ቴሌግራሙንም፣ ቲክቶኩንም ያዳርሳል፤ የከፈለው ገንዘብ ራሱ ሥራ አስፈቺ ይሆንበታል። የዕለቱን ከመግዛት መጠኑ አነስ ያለ የወር ጥቅል መግዛት፣ ይህ ካልሆነም የዕለቱን ጥቅል የቀኑ ሥራ ካለቀ በኋላ መግዛት ይሻላል። የቴሌግራም ቡድኖችን ድምፅ አንድ በአንድ መዝጋትና በጥናት ሰዓት ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ መተው ቀሪውን ይሸፍናል።

ምልክት፦ ከሰዓት በኋላ የታቀደ ሥራ ሁልጊዜ ይሰረዛል።

በእረፍት ቀን ቤቱ የሚውል የደሴ ሰው መንስኤውን ሳልነግረው ያውቀዋል። ጎረቤት እትዬ «ኑ፣ ቡና ደርሷል» ብለው ሲጣሩ አልመጣም ማለት አይቻልም፤ ሄዶ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሣትም ነውር ነው፤ ቶናው ይከተላል፣ በረካው ይጠበቃል፣ የዱዓ ቡና ከሆነ ደግሞ ምርቃቱ ሳያልቅ መውጣት የማይታሰብ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ «ጊዜህን ከሚሰርቅ ጎረቤት ራቅ» ከሚሉ መካሪዎች ጋር አልስማማም። ጎረቤትን «ጊዜ የሚሰርቅ» ብሎ መፈረጅ፣ የታመመ ዕለት በሩን የሚያንኳኳለትን ሰው እንደ ማስታወቂያ ድምፅ መቁጠር ነው። ስህተቱ ቡናው ላይ ሳይሆን፣ ቡናው እንደሌለ አድርጎ ያቀደው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ የቡናው ሰዓት በዕቅዱ ላይ በስሙ ይጻፍ፤ አእምሮን የሚጠይቀው ከባድ ሥራም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሰውን ሁሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ባስቀረበት ጊዜ ይሠራ። ከሰዓት በኋላ የሚቀረው እንደ ደረሰኝ መለየትና ደብዳቤ መላክ ያለ ቀላል ሥራ ሲሆን፣ ቢቋረጥም ብዙ አያጎድልም። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ለእትዬ አስቀድሞ መናገር ነው፤ እኔ በነገርኳቸው ሳምንት ጀበናውን ሲጥዱ አልጠሩኝም፣ ይልቁንም ስኒውን በልጃቸው ላኩልኝ።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ከታሰበለት ቀን ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ በተደረገ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ የነበሩ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ገደማ ይበቃናል ብለው ገምተው፣ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነበር። ሰው ሲያቅድ የሚታየው ምንም ያልተበላሸበት ቀን ነውና። በእኛ ኑሮ ላይ ደግሞ ለቅሶ፣ የእድር ስብሰባ፣ ሰደቃና ዝክር አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በክረምት በመንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ጉም የወረደ ዕለት ሚኒባሱ እየዳኸ ይወርዳል።

መፍትሔው ያለፈውን ተመሳሳይ ሥራ ምን ያህል እንደፈጀ ከመዝገብ አይቶ መነሣት እንጂ መገመት አይደለም። ከሳምንቱም አንድ ምሽት ምንም ሳይያዝበት ይተው፤ ለቅሶ ከመጣ ለዚያ ይሆናል፣ ካልመጣ ወደ ኋላ የቀረውን ያነሣበታል። እግረ መንገዴን፣ መኪና ውስጥ ሞጁል አነባለሁ የሚል ዕቅድ ነበረኝ፤ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ማንበብ ማዞር እንጂ ትምህርት አልሆነልኝም። አሁን የምዕራፉን ፍሬ ነገር በራሴ ድምፅ በስልክ ቀድቼ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ።

ምልክት፦ መብራት ሲጠፋ ሥራው አብሮ ይጠፋል።

ሥራዎችን መብራት የሚፈልጉና የማይፈልጉ ብሎ በሁለት ዝርዝር ቀድሞ መክፈል ነው፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በጨለማ ቁጭ ብሎ የሚታቀድ ነገር የለም።

ምልክት፦ ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥራው አልገፋም ይላል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝገቡ ላይ የሚደጋገመው ያው መስመር ከሆነ፣ ግቡ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ወንድሜ «ባጃጅ ገዝተህ አሠራ» ስላለኝ ብቻ ለዓመት ያህል በዕቅዴ አናት ላይ የተቀመጠ የቁጠባ ግብ ነበረኝ፤ በየወሩ አጎድለው ነበር፣ በየወሩም ራሴን እወቅስ ነበር። በመጨረሻ ለወንድሜ እንደማልፈልገው ነግሬው ሰረዝኩት። እርሱ ለጥቂት ቀን አኮረፈ፤ ገንዘቡ ለቀጣዩ ሴሚስተር ክፍያ ዋለ።