በፈረስ ወደ ፏፏቴ፦ የማትወጡበት ፈረስና የማትገቡበት ውሃ

ሞቃትና ዝናባማ በሆኑ አገሮች ብዙ ፏፏቴዎች ጋ መኪና አይደርስም። ጭቃው፣ ዳገቱና ወንዙ አያሳልፉትም። ስለዚህ ጎብኚ በፈረስ ይሄዳል። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ በሳማና ባሕረ ገብ መሬት ያለው ኤል ሊሞን፣ ኮስታ ሪካ ውስጥ በዶሚኒካል አቅራቢያ ያለው ናውያካ፣ ሁለቱም በዚህ ይታወቃሉ። ለዚህ ጉዞ ጎበዝ ጋላቢ መሆን አያስፈልግም። አብዛኛው መንገድ በእርምጃ ነው የሚኬደው፤ ፈረሱም መንገዱን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ የትኛው ፈረስ ላይ እንደማትወጡና የትኛው ውሃ ውስጥ እንደማትገቡ ነው። ሌላው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ሰዓት። በእነዚህ አገሮች ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ፀሐይ ጠዋቱን ሙሉ መሬቱን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመና ይሆንና ከሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ የጠዋቱን ጉዞ ያዙ። ወቅቱን በተመለከተ ሁለት ወዶ አይሆንም፦ በዝናብ ወራት ፏፏቴው ሞልቶ ያስገመግማል ግን መንገዱ ማጥ ነው፣ በበጋ መንገዱ ደርቆ ፏፏቴው ይቀጥናል። ምርጫ ካላችሁ ዝናቡ እንዳበቃ ያሉት ሳምንታት ይሻላሉ።

ስትመዘገቡ ፈረስ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩና በእግር የሚኬደው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ፈረሶቹ ፏፏቴው ድረስ አይደርሱም፣ የመጨረሻው ቁልቁለት በእግር ነው። የራስ ቁር በልካችሁ መኖሩንም አረጋግጡ። አዘጋጁ ኪሎአችሁን ካልጠየቃችሁ ግን ጠርጥሩ። በሰፊው የሚሠራበት ልክ፣ ፈረስ ከራሱ ክብደት ሃያ በመቶ ገደማ በላይ እንዳይሸከም ነው፣ ኮርቻውም ተቆጥሮ። 400 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ እንግዲህ 80 ኪሎ ነው ድርሻው። ከዚያ ላይ ኮርቻው አሥር ኪሎ ከሆነ ለእናንተ የሚቀረው 70 ነው። ስለዚህ ሳታፍሩ ኪሎአችሁን ተናገሩና ትልቅ ፈረስ አስመርጡ።

ቦታው ስትደርሱ ፎቶው ይቆይና ፈረሱን እዩት። ከኮርቻው ስር ያለውን ጨርቅ ገለጥ አድርገው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ገጣባ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው፣ በተለይ ጋማው የሚያልቅበት ጉብታ ላይ። ከፊት እግሩ ኋላ የሆድ ማሰሪያው የሚያልፍበትን ቦታና የአፉን ጥጎችም ተመልከቱ። ፀጉሩ የተላጠ፣ ቆዳው የቀላ ወይም የቆሰለ ከሆነ ያ ፈረስ ዛሬ መሥራት የለበትም። ጥቂት እርምጃ ሲያስኬዱት ጭንቅላቱን በየእርምጃው የሚነቀንቅ ከሆነ እያነከሰ ነው። የጎድን አጥንቱ አንድ ባንድ የሚቆጠርም አይሆንም። በትህትና «ሌላ ፈረስ ስጡኝ» በሉ። ሁሉም እንደዚያ ከሆኑ፣ ከፍላችሁም ቢሆን፣ ተዉት። ፈረሱን ያልተንከባከበ ሰው እናንተንም ወንዝ ላይ አይንከባከባችሁም፣ የእኔ እምነት ይሄ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ ግን ጂንስ አትልበሱ። ሲረጥብ ይከብዳል፣ ስፌቱም ጭን ይልጣል። ሳብ የሚል ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ የዋና ልብሱን ከስር። ጫማው የተዘጋና ትንሽ ተረከዝ ያለው ይሁን፤ ተረከዙ እግራችሁ በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ እንዳይገባ ይይዘዋል። ሰንደል ጫማ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ስልኩን ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውስጥ አድርጉት። የዝናብ ልብስ መልበስ ካስፈለገ መሬት ወርዳችሁ ልበሱ፤ ኮርቻ ላይ ሆናችሁ ፕላስቲክ ስታንኮሻኩሹ የሚደነብር ፈረስ አለ።

ስትወጡ ከግራ በኩል ነው። መወጣጫ ካለ ተጠቀሙበት፣ የፈረሱ ጀርባ ይቀለዋል። የእርካቡን ርዝመት ሳትወጡ መለካት ይቻላል፦ ጣታችሁን እርካቡ ከተንጠለጠለበት ዘለበት ላይ አድርጉና እርካቡን ክንዳችሁ ስር ሳቡት፣ ብብታችሁ ጋ ከደረሰ ልክ ነው። አንዳንድ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋና ትንሽ ከሄደ በኋላ ማሰሪያው ይላላል፤ ስለዚህ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አስጎብኚው እንደገና እንዲያጠብቀው ጠይቁት። እርካቡን የሚረግጠው የእግራችሁ ፊተኛው ሰፊ ክፍል ነው፣ ተረከዙ ወደታች።

መንገድ ላይ ሥራችሁ ፈረሱን አለማስቸገር ነው። ዳገት ላይ ወደፊት ዘንበል በሉ፣ ዛቡን አላሉለት፣ ከፈለጋችሁ ጋማውን ያዙ። ቁልቁለት ላይ ቀጥ ብላችሁ ትንሽ ወደኋላ፣ ተረከዝ ወደታች። ድጥ ላይ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አትምረጡለት። እሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መሬቱን እያየ፣ አንዳንዴም እያሸተተ፣ ኮቴውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል፤ በዚያ ሰዓት ዛብ መጎተት ሚዛኑን መንጠቅ ነው። ከፊታችሁ ካለው ፈረስ ቢያንስ የአንድ ፈረስ ርዝመት ራቁ፣ ሊራገጥ ይችላል። ለመጋለብ የሚያምራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ፈረሱ ይኸው፣ ሜዳው ግን የለም፤ ድንጋይና የዛፍ ሥር ነው ያለው።

ወንዝ ሲሻገሩ ዓይናችሁ ማዶውን ይይ። የሚፈሰውን ውሃ ቁልቁል ካያችሁ ያዞራችኋል። ፈረሱ መጠጣት ከፈለገ ዛቡን ለቀቅ አድርጋችሁ አስጠጡት። ቆሞ በፊት እግሩ ውሃውን መቧጠጥና መርጨት ከጀመረ ግን ወዲያው ወደፊት ንዱት። ሊተኛ እያሰበ ሊሆን ይችላል፣ እናንተን ተሸክሞ። ውሃው ሆዱ ጋ የሚደርስ ከሆነና ፍጥነት ካለው አትሻገሩ።

ስትወርዱ ሁለቱንም እግር ከእርካቡ አውጥታችሁ ከዚያ ዝለሉ። ጉልበታችሁ ይብረከረካል፣ ስለዚህ ትንሽ ኮርቻውን ይዛችሁ ቁሙ። ማሰሪያው እንዲላላለትና ፈረሱ ጥላ ውስጥ እንዲቆም ጠይቁ፤ በኋላው በኩል አትለፉ።

አሁን ውሃው። ከመግባታችሁ በፊት ቀለሙንና ድንጋዩ ላይ የደረሰበትን ልክ አስተውሉ። እየዋኛችሁ ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ፣ ልኩ ከፍ ካለ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ውጡ። ደራሽ ነው። በላያችሁ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፣ ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራራው ላይ ነውና። ወንዙን ተከትላችሁ ወደታች አትሩጡ፣ በቅርብ ያለውን ከፍታ ውጡ፤ ጫማና ስልክ ይቅር። ፏፏቴው የሚወርድበት ሥር በቀጥታ አትቁሙ፤ ከውሃው ጋር ድንጋይና ግንድም ይወርዳል። በአረፋ የተሞላ ውሃ ሰውን በደንብ አያንሳፍፍም፣ ስለዚህ ጎበዝ ዋናተኛም ብትሆኑ ዳር ዳሩን። ከገደል መዝለል ይቅርባችሁ፣ ከጎርፍ በኋላ የገንዳው ጥልቀት ይለወጣል።

ቁስል ካላችሁ፣ በተለይ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ አትዋኙ። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ በእንስሳት ሽንት ከተበከለ ውሃ በቁስል፣ በዓይን ወይም በአፍ ይገባል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፣ አንዳንዴም ዘግይቶ። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የባት ሕመም ከመጣባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና ወንዝ ውስጥ እንደዋኛችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ጉንፋን መስሎት እንዳይሸኛችሁ። በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል።