የተዳከመ ኢናሜልን መልሶ ለማጠንከር ሲሞከር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የጥርስ ኢናሜል፣ ማለትም ጥርስን ከላይ የሚሸፍነው ጠንካራ ሽፋን፣ ሕያው ሴል የለውም፤ ከተሸረፈ መልሶ አይበቅልም። ቅርጹ ሳይፈርስ ካልሲየሙና ፎስፌቱ ብቻ ሟሙቶ ከወጣ ግን ማዕድኑን ከምራቅ መልሶ መውሰድ ይችላል። በጥርስ ሳሙናና በአንዳንድ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ ይህን ያፋጥናል፤ አዲስ የሚሠራውንም ማዕድን አሲድ በቀላሉ እንዳያሟሟው ያደርጋል። የፍሎራይድ ሕክምናው ሳይሠራ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ላይ የመቆያ ጊዜ ስለሚነፈገው ነው።

የተቦረቦረ ጥርስን ጉድጓድ በጥርስ ሳሙና ለመሙላት መሞከር። መልሶ የሚጠነክረው ድድ ዳር እንደ ጠመኔ የነጣና ማብረቅረቁን ያጣ ቦታ ነው። ጥርሱ በምራቅ እንደራሰ ላይታይ ይችላል፤ በአየር ሲደርቅ ጎልቶ ይወጣል። በስንጥር ወይም በመርፌ አይንኩት፤ ከላይ የቀረው ስስ ሽፋን ከተሰበረ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ጉድጓድ ከሆነ በጊዜ ያስሞሉት።

የስምጥ ሸለቆን ጥርስ ከጅማሮ መበስበስ ጋር ማምታታት። በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ያለው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ይበልጣል። እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ገና ሲሠራ ስለሚነካ ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። ምልክቱ በግራና በቀኝ ባሉ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ ይታያል፤ የመበስበስ ነጥብ ግን ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ በሚከማችበት ድድ ዳር ይጀምራል። ቡናማውን ቀለም የፍሎራይድ ሳሙና አያስለቅቀውም። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚያድግ ሕፃን ስለሚጠቀመው ሳሙና የጥርስ ሐኪም ያማክሩ።

ቦርሾ በውሃ መጉመጥመጥ። በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። አረፋውን ይትፉና ይተዉት፤ ውሃው ፍሎራይዱን አጥቦ ይወስደዋል። ማታ ከቦረሹ በኋላ ምንም አይቅመሱ፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ፍሎራይዱ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል። ለአዋቂ ከ1350 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይበቃል፤ ቁጥሩ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። 5000 ፒፒኤም የሚሰጠው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ የአተር ፍሬ የሚያህል ያድርጉ።

ከአሲድ በኋላ ወዲያው መቦረሽ። ሎሚ ከበሉ፣ ለስላሳ ከጠጡ ወይም ካስታወክዎት የኢናሜሉ ገጽ ለጊዜው ይለሰልሳል፤ ብሩሹ ያን ይፍቀዋል። በውሃ ተጉመጥምጠው፣ ወይም በአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ተጉመጥምጠው ይትፉና ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ስኳርን ቀኑን ሙሉ ማዳረስ። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ ነው፤ ምራቅም ያን ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን በስኳር እየጠጡ በየመሃሉ ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ ከዘገኑ፣ ጥርሱ ከአሲድ ሳያርፍ ረከቦቱ ይነሣል። ጫት ላይ ለስላሳ መጎንጨት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ለሰዓታት ይቆያል። ቡናውን ያለ ስኳር መጠጣት ብቻውን ብዙ ይረዳል።

ከቫርኒሽ በኋላ ቶሎ መብላትና መቦረሽ። ቫርኒሽ ሐኪሙ ጥርስ ላይ የሚቀባው፣ 5 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለበት ቅባት ነው፤ ለሰዓታት ጥርሱ ላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ያን ቀን ቆሎና ትኩስ መጠጥ ይተዉ፤ ቦረሻውን ሐኪሙ እስካለዎት ሰዓት ያቆዩት። ጥርሱ ለጊዜው ቢጫ ቢመስል አይደንግጡ።

አለርጂን መርሳት። ካልሲየምና ፎስፌት የሚሰጡ አንዳንድ ቅባቶች የሚሠሩት ከወተት ፕሮቲን ነው፤ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው አይጠቀማቸው። ቅባቱ ከቦረሹ በኋላ ይቀባል፤ 3 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ትርፉ ይተፋል፤ ለ30 ደቂቃ ምንም አይበላም፣ አይጠጣም።

ውጤቱን በንጣት መለካት። የጠነከረ ነጥብ ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ መዳኑ የሚታወቀው ሻካራነቱ ጠፍቶ ሲያብረቀርቅ ነው። ቀለሙን ለማጥፋት በከሰል ወይም በሎሚ ማሸት የተመለሰውን ማዕድን መልሶ ያወልቃል። ከወራት በኋላም ሻካራ ሆኖ ከቀጠለ ቫርኒሹ ይደገም እንደሆን ሐኪሙን ይጠይቁ፤ መልኩ ብቻ ካስቸገረዎት ነጥቡ ውስጥ በሚሰርግ ፈሳሽ ሬዚን (ሙጫ መሰል የጥርስ መሙያ) ሐኪሙ ሊያስተካክለው ይችላል።