ቪዲዮ ካርድ አስገጥማችሁ ለውጥ ካላያችሁ

ደሴና ኮምቦልቻ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ልጆች፣ ካርድ ገዝታችሁ «ያው ነው» ካላችሁ አብሽሩ፤ መጀመሪያ የሞኒተሩን ገመድ እዩ። ከኋላ፣ ከዩኤስቢ መሰኪያዎቹ ጎን ያለው ኤችዲኤምአይ የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ነው። እዚያ ከተሰካ ስክሪኑን የያዘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ነው። ዝቅ ብሎ አግድም የተደረደረው የካርዱ ስለሆነ ገመዱን ወደዚያ አዙሩት።

አብሮ የመጣውን ግራፊክስ ግን አትናቁት። ሁለተኛ ሞኒተር ይሸከምላችኋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ቪዲዮ መፍቻ ስላለው ማቀናበሪያው ፕሪሚየር ላይ የካሜራ ፋይል ሲከፈት ያግዛል (ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው)። ችግሩ፣ ብዙ ማዘርቦርድ ካርድ ሲገባበት አብሮ የተሠራውን ግራፊክስ ያጠፋዋል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብታችሁ «አይጂፒዩ መልቲ ሞኒተር» ወይም ተቀራራቢ ስም ያለውን «ኢነብልድ» አድርጉት። የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ እንደ ኮር አይ5-12400ኤፍ «ኤፍ» ካለበት አትልፉ፤ ግራፊክስ የለውም።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ገብታችሁ ለማቀናበሪያው ፕሮግራም «ሃይ ፐርፎርማንስ» ምረጡለት። ካርዱን ገና ካልገዛችሁ ፓወር ሰፕላዩንም (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) እዩ፤ የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻውን ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም፣ ከዚያ የሚበልጥ ካርድ የራሱን የኃይል ገመድ ይፈልጋል።